ለአፓርታማ በወር ስንት እየከፈላችሁ ነው? የአንድ ሰፈር ኪራይ ሂሳብ ከመነሻው

ቤት ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው?" ብሎ ነው። ደላላው ወይም አከራዩ አንድ ቁጥር ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥር ይዞ ከቤት ቤት ሲያወዳድር ይከርማል። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። የተነገረው ኪራዩ ነው እንጂ ቤቱ በወር የሚያስወጣው ገንዘብ አይደለም።

እኔ ይህንን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ጊዜ "ርካሽ ቤት አገኘሁ" ብዬ ከሥራ ቦታዬ ራቅ ያለ አፓርታማ ተከራየሁ። ኪራዩ ጓደኛዬ ከሚከፍለው በደንብ ያነሰ ነበር። አራት ወር ከኖርኩበት በኋላ አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ሁለታችንም ወጪያችንን ጻፍን። ከእሱ የበለጠ የማወጣው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። በዚያ ላይ ጠዋት ከእሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የምነሳው። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሳልይዝ ቤት አላይም።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምጠቀምበት አካሄድ ነው። የትኛውም ከተማ ብትኖሩ፣ በየትኛውም ገንዘብ ብትከፍሉ ይሠራል። ለዚህም ስል ምሳሌዎቹን "ኪራዩ 100 ቢሆን" እያልኩ ነው የማሰላው። እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ደረጃ 1፦ ቤት ከማየታችሁ በፊት ጣሪያችሁን ወስኑ

"ለቤት ከገቢህ 30 በመቶ በላይ አታውጣ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ምክሩ የመጣው ከቤተሰብ በጀት አዋቂዎች አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ስም የሚጠራ የሕግ ማሻሻያ ወጣ። በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ተከራዮች ኪራይ ከገቢያቸው 25 በመቶ እንዳያልፍ የሚል ነበር። በ1981 ቁጥሩ ወደ 30 ከፍ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በበኩሉ የቤት ወጪ የከበደው ብሎ የሚቆጥረው ከገቢው ከ40 በመቶ በላይ ለቤት የሚያወጣውን ነው።

እንግዲህ እነዚህ ቁጥሮች የመንግሥት መለኪያዎች ናቸው። የእናንተን ኪስ አያውቁም። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው 30 በመቶውን ለቤት ከፍሎ ቀሪው ወሩን ላያደርሰው ይችላል። ደህና ገቢ ያለው ደግሞ 40 ከፍሎም ተደላድሎ ይኖራል።

ስለዚህ ከኋላ ተነሱ። ግብር ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባውን ጻፉ። ከሱ ላይ የማይቀሩትን ቀንሱ፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ የልጆች ትምህርት፣ ዕዳ፣ ለቤተሰብ የምትልኩት፣ ትንሽም ብትሆን የምትቆጥቧት። ከቀረው ላይ አንድ አሥረኛውን ለድንገተኛ ጉዳይ አስቀምጡ። የተረፈው ጣሪያችሁ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የኪራይ ጣሪያ አይደለም። ኪራይን፣ መብራትን፣ ውሃን፣ ትራንስፖርትን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ ጣሪያ ነው።

ገቢያችሁ ወር በወር የሚለዋወጥ ከሆነ ያለፉትን 12 ወራት ጻፉና ዝቅተኛ የሆኑትን ሦስቱን አማካይ ውሰዱ። ጥሩ የሠራችሁበትን ወር ይዛችሁ ውል አትፈርሙ። አከራይ ገበያው ቢቀዘቅዝም ባይቀዘቅዝም ወር ሲደርስ በሩን ያንኳኳል።

ደረጃ 2፦ የሰፈሩን ዋጋ ራሳችሁ አውጡ

"በዚያ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው ሰው የለም። ደላላው ከፍ ያለውን ይነግራችኋል። አምስት ዓመት የኖረ ተከራይ ደግሞ ድሮ የገባበትን ዋጋ እያሰበ "ኧረ እንደዚህ አይወደድም" ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሚጠየቀውን፣ ሌላው የሚከፍለውን ነው የተናገሩት።

የከተማ አማካይ ኪራይ ሲነገርም ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ጊዜ የነባር ተከራዮችን ዝቅ ያለ ኪራይ ከአዲሶቹ ጋር ይደባልቃል። አዲስ የሚገባ ሰው በዚያ ዋጋ ቤት አያገኝም።

የሚሻለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ "ሰፈር" የምትሉትን አጥብቡ። ከምትፈልጉት ቦታ፣ ማለትም ከጣቢያው፣ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሥራ ቦታችሁ ተነስታችሁ በእግር 15 ደቂቃ የሚያስኬደውን ክልል ያዙ። በአንድ ስም የሚጠራ ሰፈር ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ቤትና ከኋላ ያለው ቤት ሁለት ገበያ ናቸው። አንዳንዴ ድልድዩን ወይም ባቡር ሐዲዱን መሻገር ብቻ ዋጋውን ይቀይረዋል።

ከዚያ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ለኪራይ የወጡ ቤቶችን መዝግቡ። በየመስመሩ ኪራዩን፣ ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ ፎቁን፣ ሊፍት መኖር አለመኖሩን፣ ዕቃ የተሟላለት መሆን አለመሆኑንና ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ጻፉ። ቀኑን አትዝለሉት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በአንድ ቀን ማስታወቂያ ስታገላብጡ የምታዩት የሰፈሩን ዋጋ ሳይሆን ያልተወሰዱትን ቤቶች ዋጋ ነው። በተገቢ ዋጋ የወጣ ጥሩ ቤት በሁለት በሦስት ቀን ይያዛል፤ ከዓይናችሁ ይጠፋል። ተወዶ የወጣው ግን ሁለት ወር ተንጠልጥሎ ይከርማል። ስለዚህ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያጋደለ ነው። ማስታወቂያዎቹን ለሁለት ሳምንት ተከታተሉ። ቶሎ የጠፉት በስንት እንደወጡ አስተውሉ። ገበያው የሚከፍለው እዚያ አካባቢ ነው። ከወር በላይ የቆዩትን ከሂሳቡ አውጧቸው፤ ግን አድራሻቸውን አትጣሉ፤ ለድርድር ይጠቅማሉ።

የቀሩትን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩና መሀል ላይ የተቀመጠውን ውሰዱ። ደምሮ ማካፈል አያስፈልግም። አንድ ቅንጡ አፓርታማ ብቻውን አማካዩን ሊሰቅለው ይችላል። መሀለኛው ግን አይነቃነቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በካሬ ሜትር ማወዳደር ጥሩ ነው፤ ግን ተቀራራቢ ስፋት ያላቸውን ብቻ። 30 ካሬ ያለው ስቱዲዮ ከ90 ካሬው ቤት በካሬ ሲሰላ ሁሌም ሊባል በሚችል መልኩ ይወደዳል። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ለሁለቱም አንድ አንድ ነው፤ ብዙ ወጪ የሚፈስባቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። "ካሬው ምኑን ምኑን ያካትታል?" ብላችሁም ጠይቁ። አንዳንዱ በረንዳውንና የግድግዳውን ውፍረት፣ ሲብስም የደረጃውን ድርሻ ጨምሮ ይቆጥራል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። "70 ካሬ" ተብዬ ስለካው 58 የሆነ ቤት ገጥሞኛል። አከራዩ አላፈሩም። "ከነበረንዳው እኮ ነው" አሉኝ። በረንዳው ሁለት ወንበር አይይዝም።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን የሚሰቅሉና የሚያወርዱ ነገሮችን ለዩ

ሁለት የሚመሳሰሉ ቤቶች በዋጋ ሲራራቁ ምክንያቱን ፈልጉ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ይረክሳል። ሊፍት ባለው ግን ከፍ ማለቱ ያስወድዳል። ወደ ጓሮ የዞረ መኝታ ቤት ወደ አውራ ጎዳና ከዞረው ይሻላል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለቱም "ብርሃን የሚያገኝ" ናቸው። ፓርኪንግ መኪና ለሌለው ሰው የማይጠቀምበት ወጪ ነው። "መኪና የለኝም፤ ቦታውን ለሌላ ያከራዩትና ከኪራዩ ይቀንሱልኝ" ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህንን መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አያስብም።

ዕቃ የተሟላለት ቤት ያዋጣ እንደሆነ በቀላሉ ይሰላል። ባዶው ቤት ኪራዩ 100፣ ባለ ዕቃው 125 ነው እንበል። ልዩነቱ በዓመት 300 ነው፤ የሦስት ወር ኪራይ ማለት ነው። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ያገለገለ ገዝታችሁ ስትለቁ ብትሸጡት የምታጡት ከ300 ያንሳል? ካነሰ ባዶውን ያዙ። የምትቆዩት ስድስት ወር ብቻ ከሆነ ግን ባለ ዕቃው ያሸንፋል፤ ዕቃ ማመላለሱ ራሱ ገንዘብ ነው።

ደረጃ 4፦ ከኪራዩ ጀርባ ያሉትን ክፍያዎች አውጡ

ጀርመኖች ኪራይን ለሁለት ከፍለው ይጠሩታል፤ "ቀዝቃዛ ኪራይ" እና "ሞቃት ኪራይ" ይሉታል። ቀዝቃዛው ባዶ ቤቱ ነው። ሞቃቱ ማሞቂያውና የሕንፃው የጋራ ወጪ የተጨመረበት ነው። ስያሜው ደስ ይለኛል። "ኪራዩ የቀዝቃዛው ነው የሞቃቱ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። እኛ አንድ ቃል ባይኖረንም ጥያቄውን ግን መጠየቅ እንችላለን፤ "ምን ምን ገብቶበት ነው?"

በጽሑፍ የምትጠይቋቸው እነዚህ ናቸው፤ የጥበቃ፣ የጽዳትና የሊፍት የጋራ ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝ ወይም ማሞቂያ፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ ኢንተርኔት፣ ፓርኪንግ። ለእያንዳንዱ ማን ይከፍላል፣ በየስንት ጊዜው፣ ባለፈው ዓመት ስንት መጣ? "ብዙም አይመጣም" መልስ አይደለም። ደረሰኝ አሳዩኝ በሉ። አንድ ደረሰኝ ብቻ ካሳዩዋችሁ ደግሞ የትኛው ወር እንደሆነ እዩ። በጣም በሚበርድበት ወይም በጣም በሚሞቅበት ወር የመጣውን ማየት አለባችሁ።

መብራት ላይ የሚበላው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው አምፖል ያጠፋል፤ ያ ምንም ማለት አይደለም። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚወስደው። ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በተመሳሳይ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በወር 225 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንዱ ማሞቂያ 150 አምፖል ነው። የውሃ ማሞቂያም ቀላል አይደለም። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በቀን አንድ ጊዜ ቢሞላ በወር ወደ 70 ይጠጋል። ስለዚህ ቤቱን ስታዩ "ውሃ የሚሞቀው በምንድን ነው? ክፍሉስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በከተማችሁ የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት። መስኮቱ የማይገጥም፣ ፀሐይ የማያገኝ ቤት ከሆነ ቁጥሩን ከፍ አድርጉት።

ቆጣሪ ሌላ ጣጣ ነው። የራሳችሁ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ እንዴት ነው የሚካፈሉት? አንድ ጊዜ የኖርኩበት ሕንፃ ውስጥ ሂሳቡ ለአራት እኩል ይከፈል ነበር። "እኩል" የሚለው ቃል ጥሩ መስሎኝ ተስማማሁ። ከአራታችን አንዱ ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ የከፈተ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ሦስት ትልልቅ ማሽኖች ቀን ከሌት ይሽከረከራሉ። የሰው ልብስ ማሳጠቢያ ስከፍል ስድስት ወር ቆየሁ።

ደረጃ 5፦ መንገዱን ቁጠሩ

ራቅ ያለ ሰፈር ኪራይ ይቀንሳል። የቀነሰውን ግን ትራንስፖርቱ እየቀማመሰ ይመልሰዋል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖራችሁ ደርሶ መልሱ 44 ጉዞ ነው። አንድ ጉዞ ሁለት መሳፈሪያ የሚጠይቅ ከሆነ 88 ክፍያ ሆነ። ሲያመሻችሁ ወይም ሲዘንብ የምትይዙትን ታክሲ ጨምሩበት፤ በወር አራት ጊዜ እንኳ ቢሆን። ቤተሰብ ካላችሁ የሁሉንም መንገድ ደምሩ። የአባወራው ሥራ ቀርቦ ሦስት ልጆች በሁለት መኪና የሚሄዱበት ቤት ቅርብ አይባልም።

ጊዜውም አለ። በአንድ ጉዞ 25 ደቂቃ የሚጨምር ቤት በወር 18 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስድባችኋል። ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን አልፎ ሦስተኛው ላይ ገባ ማለት ነው። ለጊዜያችሁ ዋጋ መስጠት አለመስጠት የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ቢያንስ ከቁጥሩ አጠገብ እጽፈዋለሁ። የምትለኩት ደግሞ እሁድ ከሰዓት ባዶ መንገድ ላይ መሆን የለበትም። ሰኞ ጠዋት፣ በምትወጡበት ሰዓት፣ ራሳችሁ ሂዱበት።

ደረጃ 6፦ አንዴ የሚከፈሉትን በወራት አካፍሉ

የደላላ ክፍያ፣ ዕቃ ማጓጓዣ፣ ቁልፍ መቀየሪያ፣ መጋረጃ፣ የተቃጠሉ አምፖሎች፣ ቀለም። የድሮውን ቤት ሳትለቁ አዲሱን ከያዛችሁ ደግሞ የተደራረበው ኪራይ። እነዚህን ሰው "አንዴ ነው" ብሎ ይረሳቸዋል። ደምሯቸውና በዚያ ቤት እንደምትቆዩ እርግጠኛ በሆናችሁበት የወር ብዛት አካፍሏቸው። ተስፋ ባደረጋችሁት ሳይሆን እርግጠኛ በሆናችሁበት። የአንድ ዓመት ውል ካላችሁ 12 ነው።

መያዣውን ለብቻ አስቀምጡት። ስትለቁ የሚመለስ ከሆነ ወጪ አይደለም፤ የታሰረ ገንዘብ ነው። በተግባር የሚመለስ መሆኑን ግን ሕንፃው ውስጥ የነበረ ሰው ጠይቁ። ስለ መያዣና ደላላ የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ማየትም ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ መያዣ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ አይበልጥም፤ ተከራዩም በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል ይችላል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ደላላውን የሚከፍለው ያዘዘው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት መያዣው ከአምስት ሳምንት ኪራይ አያልፍም። እናንተ ያላችሁበትም የራሱ ልክ ሊኖረው ይችላል። አከራይ ስለጠየቀ ብቻ ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ

አሁን ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ይወርዳል። ቅርቡን ቤት "ሀ"፣ ራቅ ያለውን "ለ" እንበላቸው።

የ"ሀ" ኪራይ 100 ነው። የጋራ ክፍያው 5፣ መብራትና ውሃው 8፣ ትራንስፖርቱ 4። በወር 117። አንዴ የሚከፈለው፣ ማለትም ደላላና ማጓጓዣ፣ በድምሩ 60።

የ"ለ" ኪራይ 85 ነው። የጋራ ክፍያ የለውም። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራትና ውሃው 14፣ ትራንስፖርቱ 16። በወር 115። አንዴ የሚከፈለው ግን 120 ነው፤ ደላላው የወር ኪራይ ወሰደ፤ ቤቱም መጋረጃ፣ ቁልፍና ቀለም ፈለገ።

በኪራይ ብቻ ስታዩት "ለ" በ15 ይረክሳል። አንድ ዓመት ብትቆዩ "ሀ" በወር 117 ሲደመር 5፣ 122 ይሆናል። "ለ" 115 ሲደመር 10፣ 125። ርካሹ ቤት ተወደደ። በወርኃዊ ወጪ "ለ" የሚቀንሰው 2 ብቻ ነው፤ መግቢያው ላይ ግን 60 ይበልጣል። 60ን ለ2 ስታካፍሉ 30 ይመጣል። ማለትም "ለ" ማትረፍ የሚጀምረው ከ30 ወር በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እዚያ ትቆያላችሁ? ጥያቄው እሱ ነው። "የትኛው ይረክሳል?" ለሚለው "ስንት ጊዜ ልትቆይ ነው?" የሚል መልስ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩ

አንዴ በቀን፣ አንዴ በማታ። ቢዘንብ ደግሞ ለእናንተ ዕድል ነው። ሁሉንም ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቱና ግፊቱን እዩ። ሽንት ቤቱን አጥቡት። ሶኬቶቹን በስልክ ቻርጀር ሞክሩ። ስልኩ መኝታ ቤት ውስጥ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ሻጋታ ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይታወቃል። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ የሚያሰርገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥበቃውን ወይም ጎረቤትን "ቤቱ እንዴት ነው?" አትበሉ። "ጥሩ ነው" ይሏችኋል፤ ምን ይበሉ? "የበፊቱ ሰው ለምን ለቀቀ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቤቱን ሳታዩ "ማስያዣ ላክ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" የሚል ካለ ስልኩን ዝጉት። ያየነውም ቢሆን የሚያከራየን ሰው ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን በወረቀት ሳናረጋግጥ ገንዘብ ከእጃችን አይወጣም።

ደረጃ 9፦ ተደራደሩ፣ ግን ምክንያት ይዛችሁ

"ትንሽ ቀንሱልኝ" ድርድር አይደለም፤ ልመና ነው። አከራይ የሚፈራው ቤቱ ባዶ መዋሉን ነው። አንድ ወር ባዶ ከዋለ የዓመቱን ገቢ 8.3 በመቶ አጣ። ስለዚህ 5 በመቶ ቀንሶ ዛሬ ማከራየት ለእሱም ያዋጣዋል። ማስታወቂያው ወር ከቆየ ይህ ሂሳብ በሆዱ እየዞረ ነው። ደረጃ 2 ላይ ቀኑን ጻፉ ያልኩት ለዚህም ነው።

በምላሹ የምትሰጡት ነገር ይኑራችሁ። "በዚህ ሳምንት እገባለሁ"፣ "የሁለት ዓመት ውል እፈርማለሁ"፣ "ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ባንክ አስገባለሁ"። ኪራዩን አልቀንስም ካሉ ሌላ ጠይቁ፤ መስኮቱ ይጠገን፣ የውሃ ማሞቂያው ይቀየር፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ለጽዳት ነፃ ይሁኑ። ለአንዳንድ አከራይ ዋጋ መቀነስ እንደ ሽንፈት ነው። ቧንቧ ማስጠገን ግን አይከብዳቸውም። ድምፃችሁን አትጨምሩ፤ ከእኚህ ሰው ጋር ገና ብዙ ወራት ትኖራላችሁ።

ደረጃ 10፦ ውሉ ላይ የጭማሪውን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡ

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የተባለው ለውል ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ጭማሪውን እዩ። በ100 ጀምሮ በየዓመቱ 10 በመቶ የሚጨምር ኪራይ በሁለተኛው ዓመት 110፣ በሦስተኛው 121 ይሆናል። የሦስት ዓመቱ ወርኃዊ አማካይ 110.3 ነው። እንግዲህ ሌላ አከራይ "ለሦስት ዓመት ሳልጨምር በ110" ቢላችሁ ዋጋው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ላይ ሰላም አለው። ውሉ "እንደ ወቅቱ ገበያ ይስተካከላል" የሚል ከሆነ ግን በቁጥር እንዲጻፍ ጠይቁ። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር የሚያገለግለው አከራዩን ብቻ ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት፤ መያዣው በስንት ቀን ይመለሳል፣ በምን ምክንያትስ ይቆረጣል? ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል? ቧንቧ ቢፈነዳ ማን ያሠራል? ዕቃ ካለው፣ የዕቃው ዝርዝር ከነሁኔታው ከውሉ ጋር ተያይዟል? ለምትከፍሉት ሁሉ ደረሰኝ ወይም የባንክ ማስረጃ ይኑራችሁ። በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ "እንተማመናለን" ማለት ሁለቱም ሲዋደዱ ብቻ ነው የሚሠራው።

ቁልፉን የተረከባችሁ ዕለት፣ ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹ። የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የተጫረ በር፣ የቆሸሸ ግድግዳ፣ ሁሉንም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ በዚያው ቀን ለአከራዩ ላኩላቸው። የበፊቱ ተከራይ ዕዳ እናንተ ላይ እንዳይመጣ የሚያደርገው ይህ ፎቶ ነው።

አንድ የቀረ ሥራ አለ። ውሉ ከማለቁ ሦስት ወር በፊት ስልካችሁ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። በዚያን ቀን ደረጃ 2ን ድገሙት፤ ሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ተከታተሉ፤ የሰፈሩን መሀለኛ ዋጋ አውጡ። አከራዩ "ገበያው ጨምሯል" ብለው ሲመጡ ደብተሩን ገልጣችሁ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ።